እናቷ የት እንዳለች ለስድስት ዓመት ልጄ ምን ልበላት?

የራስ መኮንን ድልድይ አባት — እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡20

ልጆቹ ተኝተው ነው የምጽፈው። «ልጆቹ» አልኩ እንጂ አጠገቤ ያለችው ትልቋ ብቻ ናት። ትንሹ ስድስት ሳምንቱ ነው፤ የባለቤቴ እህት ዘንድ በጡጦ እያደገ ይገኛል።

ባለቤቴ በወለደች በዘጠነኛው ቀን እንቅልፍ አጣች። መጀመሪያ ደስታ መስሎን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ታጥባለች፣ ትዘምራለች፣ ያገኘችው ሰው ዘንድ ስልክ ትደውላለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሕፃኑን ትኩር ብላ አይታ «ይህ የእኔ ልጅ አይደለም፤ ለውጠውታል» አለች። እናቷ ከእንጦጦ ፀበል አስመጥተው ሦስት ቀን አጠጧት፣ ረጯት። ስላልተሻላት ሐኪም ቤት ወሰድናት። ከተኛች ሦስት ሳምንት አለፋት። አራስ እንዲህ ትታመማለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትልቋ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። «እማዬ ለሥራ ሐዋሳ ሄዳለች» አልኳት። የመጀመሪያውን ሳምንት ማታ ማታ ትጠይቀኝ ነበር፤ ከዚያ መጠየቋን ተወች። እኔም እፎይ ብዬ ነበር። አሁን ግን ትታው ሳይሆን ውጣው እንደሆነ ይገባኛል። ካቆመች ሦስት ዓመት ያለፋት ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ጀምራለች። የእናቷን ነጠላ ትራሷ ሥር ሸሽጋ አገኘሁት። መጸዳጃ ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ባለፈው ሐሙስ እግሯን ሳጥባት «አባዬ፣ ሕፃኑን አልወደውም ስላልኩ ነው እማዬ የሄደችው?» አለችኝ። እግሯን እንደያዝኩ ቀረሁ። መልስ አልሰጠኋትም፤ ይህ ነው ሌሊት የሚያስነሣኝ።

እውነቱን ልንገራት? የስድስት ዓመት ልጅ ትችለዋለች? ትንሹስ? በመጀመሪያ ወራቱ ከእናቱ የተለየ ልጅ ቁርኝቱ ይበላሻል ሲባል ሰምቼ ፈርቻለሁ። ሦስተኛው ጥያቄዬን ለመጻፍ እንኳ ይከብደኛል፤ ይህ ሕመም ወደ ልጆቼ ይተላለፋል?

ሐኪም ቤት ስለ መድኃኒቱ አስረድተውኛል። ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ እንዳለ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለአባት የተፈቀደው ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ የዓመት ፈቃዴንም ጨርሻለሁ። የምትችሉትን ንገሩኝ።

---

ዶሮ ማነቂያ ያደግሁ — እሑድ፣ ከሌሊቱ 5፡45

ወንድሜ፣ ልጅህን ሆኜ ነው የምመልስልህ።

እናቴ የታመመችው ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ባይፖላር፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም፣ መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ያኔ የተነገረኝ «አክስትሽ ዘንድ ናት» የሚል ነበር። እውነቱን የነገረኝ አንድ የክፍሌ ልጅ ነው። በዕረፍት ሰዓት፣ ሁሉም እየሰማ፣ «የእብድ ልጅ» ብሎ። አባቴን ለረጅም ጊዜ ይቅር ያላልኩት እናቴ ስለታመመች አይደለም፤ ያንን ቃል መጀመሪያ ከእርሱ ሳልሰማ ከጠላቴ ስለሰማሁት ነው።

ልጅ ያልተነገረውን በራሱ ይሞላዋል። የሚሞላውም በራሱ ጥፋት ነው። እኔ እናቴ የታመመችው ብርጭቆ ሰብሬ ስለዋሸሁ ይመስለኝ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ለማንም አልተናገርኩም። ልጅህ ጮክ ብላ ጠየቀችህ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬም መመለስ ትችላለህ።

ሌላም የምነግርህ አለ። እናቴ ከተመለሰች በኋላ እኔ ልጅ መሆኔን አቆምኩ። የጫማዋን ድምፅ ከደረጃው ሰምቼ ዕለቱ ምን ዓይነት እንደሚሆን አውቅ ነበር። ኪኒኗን ማታ ማታ እቆጥራለሁ። ሰዎች «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ይሉኛል። ጨዋ አልነበርኩም፤ ዘበኛ ነበርኩ።

ያተረፈኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ግቢያችን ውስጥ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። በየሦስት ቀኑ እንጀራ ይጋግራሉ። መጨረሻ ላይ በቀረው ሊጥ ለእኔ እንጎቻ ያወጣሉ። እናቴ ደኅና ስትሆንም ያወጣሉ፤ ስትታመምም ያወጣሉ። አንድም ቀን «እናትሽ እንዴት ናት» ብለው መርምረውኝ አያውቁም። በርበሬ ቀብተው፣ ጠቅልለው «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ» ይሉኛል። ዓለም ሁሉ ሲናወጥ በየሦስት ቀኑ የማይናወጥ አንድ ነገር ነበረኝ። ያ ግቢ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ፤ እርሳቸውም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ ተብሏል። እኔ የማስበው ያን ጊዜ የተበተኑትን እንዲህ ያሉ ሴቶች ነው። እነርሱ ያሳደጓቸውን ልጆች የመዘገበ ማንም የለም።

ለልጅህ እንደዚያ ያለ ሰው አለ? ከሌለ ፈልግላት።

---

አራት ኪሎ 12 — ሰኞ፣ ከጧቱ 2፡10

በአክብሮት፣ በሐሳብ እለያለሁ። እውነት ጥሩ ነው፤ ግን የስድስት ዓመት ልጅ እውነትን ምስጢር አድርጋ መያዝ አትችልም። ነገ ትምህርት ቤት ትናገረዋለች። ከነገ ወዲያ መንደሩ ያውቀዋል። እኛ ወንድማችን ሲታመም የተከራየንበትን ቤት «ልቀቁ» ተብለናል። እህታችን ታጭታ ቀርታለች። ገበናን መሸፈን ጭካኔ አይደለም፤ ከሰው ፊት መጠበቅ ነው። ደግሞም ይህ የቁርኝት ትምህርት ለፈረንጅ ኑሮ የተጻፈ ነው። እኛ ልጅን የምናሳድገው በአያት፣ በአክስት፣ በጎረቤት ነው። አሁን ትዳንላችሁ፤ ልጅቷ ስታድግ ትሰማዋለች።

---

የሌሊት ተረኛ — ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡30

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤትህን አላየኋትም፤ የምታክማት ሐኪም ከእኔ በላይ ታውቃለች። የጻፍከው ግን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ፣ አእምሮ ከእውነታው የሚለይበት ሕመም፣ የምንለውን ይመስላል። ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን ይይዛል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በድንገት፣ እንቅልፍ በማጣት ይጀምራል። አስቸኳይ ሕመም ነው፤ ቶሎ መውሰዳችሁ ትልቅ ነገር ነው። ከታከመ ደግሞ የሚድን ነው፤ አብዛኞቹ እናቶች ሙሉ በሙሉ ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። ሁለት ነገር አደራ። መድኃኒቱን «ተሽሏታል» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ጡት ስለ ማጥባትም የምትወስደውን መድኃኒት ስም ጠቅሳችሁ ሐኪሟን ጠይቁ፤ አንዱ ይፈቀዳል፣ ሌላው አይፈቀድም። ሌላ ልጅ ካሰባችሁ ደግሞ ከእርግዝናው በፊት ይህን ታሪክ ንገሩ፤ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ወደ ትንሹ ልጅ ልምጣ፤ የአራት ኪሎውን ወንድሜንም አብሬ እመልሳለሁ። የቁርኝትን ነገር የጀመረው እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጽሑፍ ሕፃን ከእናቱ፣ ወይም እናቱን ከሚተካ ቋሚ ሰው፣ የማይቋረጥ ሞቅ ያለ ግንኙነት ያስፈልገዋል ብሏል። ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ሁለተኛውን ይጥለዋል። ሥራውን ያጠናከረችው ሜሪ አይንስዎርዝ ደግሞ ሕፃናትን በየቤታቸው ቁጭ ብላ ማየት የጀመረችው ለንደን አልነበረም። ኡጋንዳ ነው፤ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ.፣ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች፣ 26 ቤተሰቦች ዘንድ። እዚያም ሕፃናት ከእናታቸው ሌላ ከአባት፣ ከአያት፣ ከታላቅ እህት ጋር ሲቆራኙ አይታለች። ስለዚህ ወንድሜ፣ «በአያትና በጎረቤት እናሳድጋለን» ያልከው ትምህርቱን አያፈርሰውም፤ የትምህርቱ ዋና አካል ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው በየሳምንቱ ሲለዋወጥ ነው።

የስድስት ሳምንት ሕፃን ገና ቁርኝቱን እየጀመረ ነው። አንድን ሰው ለይቶ የሙጥኝ ማለት ጎልቶ የሚታየው ከስድስትና ሰባት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ የተበላሸ ነገር የለም። አክስቱ አንድ ሆና ታሳድገው፤ ከቤት ቤት አታዙሩት። ስታጠባው ዓይኑን ትየው፣ ታናግረው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረገው ሙከራ እናቶች ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ፊታቸውን ደንዝዘው እንዲያዩ ተጠየቁ። ሕፃናቱ ፈገግ አሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ጮኹ፤ በመጨረሻ ፊታቸውን አዞሩ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ የሚቀጥለው ነው፤ እናትየዋ ፊቷን ስትመልስ ልጁም ይመለሳል። የተቋረጠ ይቀጠላል። ባለቤትህም ስትመጣ ከዚያ ትቀጥላለች።

ለነገሩ የእናት ሕመም ለልጅ ሰውነትም ይተርፋል። ቡታጅራ አካባቢ እናቶችንና ሕፃናትን ከእርግዝና ጀምሮ የተከታተለ ጥናት ነበር። ጭንቀትና ድባቴ ከወሊድ በፊትም በኋላም የጸናባቸው እናቶች ልጆች በተቅማጥ በብዛት ሲታመሙ ታይቷል። ይህን የምጠቅሰው እናትን ማከም ልጅን ማከም መሆኑን ለማሳየት ነው።

ስለ መተላለፍ ጠየቅህ። ተጋላጭነት በዘር ይመጣል፤ ሕመሙ ራሱ እንደ ርስት አይተላለፍም። በደንብ የተጠናውን ልጥቀስልህ፤ ከወላጆቹ አንዱ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ በዕድሜው የመያዝ ዕድሉ ከ100 አሥር ገደማ ነው፤ በሌላው ሕዝብ ከ100 አንድ ገደማ። የባለቤትህ ሕመም ከዚህ የተለየ ነው፤ ግን ልብህን የሚጨንቀው ቁጥር ከሆነ፣ በዚያ ከባድ ሕመም እንኳ ከአሥሩ ዘጠኙ አይያዙም።

ትልቋንስ? ንገራት። አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «እማዬ ታማለች። ሕመሙ አእምሮዋን ስለያዘው እንቅልፍ አጣች፣ የማይሆን ነገርም ተናገረች። አንቺ ያልሽው ወይም ያደረግሽው ነገር አላሳመማትም። ሐኪሞች እያከሟት ነው፤ እስክትመለስ ድረስ እኔ አለሁ።» ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ደግመህ ደጋግመህ በል። የምትመለስበትን ቀን ግን አትቁረጥላት፤ ቀኑ ካለፈ አንተም አትታመንም።

ቤት ውስጥ ልጅ መኖሩን ማንም አልጠየቀኝም ያልከው አሳፈረኝ፤ እኔም ስንቱን ሳልጠይቅ አሳልፌያለሁ። ኖርዌይ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወላጅ ሲታመም ልጆች እንዳሉ መጠየቅና የሚያስፈልጋቸውን ማየት የጤና ባለሙያ የሕግ ግዴታ ነው። ለእኛ አዋጅ ላያስፈልገን ይችላል። ነገ ተረኛ ስገባ ግን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይኸው ነው።

---

ጠመኔ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤታችን ከአራት ኪሎ ብዙ አይርቅም። የአራት ኪሎው ወንድም ሥጋት ተጨባጭ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ምስጢር ያለበት ልጅ ከእኛ አይሰወርም። አንድ ተማሪ ነበረኝ። በዕረፍት ሰዓት እንኳ ቦርሳውን ከትከሻው አያወርድም ነበር። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅሁት፤ «እማዬ ከጠራችኝ ቶሎ እንድሄድ» አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ የሚረብሽ ልጅ አይደለም፤ እንዲህ በሩን የሚያይ ልጅ ነው።

ለክፍል ኃላፊዋ አንድ መስመር ይበቃታል፤ «እናቷ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ልጄን በዓይንሽ ያዢልኝ።» የሕመሙን ስም መጥራት የለብህም። አልጋ ላይ ስለ መሽናቷ አትቆጣት፤ አታሳፍራት። አንሶላውን አብራችሁ ቀይሩ፤ በቃ። ከትምህርት ቤት የምትወስዳት ሰዓት ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይዘግይ። ለሌላው ልጅ አሥር ደቂቃ አሥር ደቂቃ ነው፤ ለእርሷ አሁን እንደዚያ አይደለም።

---

ሁለት ጊዜ ተመላሽ — ሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡30

ሁሉም ስለ ልጆቹ ይናገራል፤ ደግሞም ይገባል። እኔ ስለ እርሷ ልናገር፤ እዚያ አልጋ ላይ ሁለት ጊዜ ተኝቼ ተነሥቻለሁና።

ስመለስ ሁሉም ደግ ነበር። ሕፃኗ ስታለቅስ ከእኔ ቀድሞ የሚነሣ ሰው ነበረ። ልይዛት ስል «አንቺ ዕረፊ» ብለው ከእጄ ይወስዷታል። ገላዋን ለማጠብ ፈቃድ እጠይቅ ነበር። በስድስተኛው ቀን ለአማቴ «ታዲያ ለምን አመጣችሁኝ?» አልኳቸው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ፈርተው ነው። እኔም እጄን ፈርቼው ነበር። የጠቀመኝ ነገር ትንሽ ነው፤ ባለቤቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ሕፃኗ ጠግባ ስትነቃ፣ አጠገቤ ተቀምጦ «ያዢያት፤ እኔ እዚህ ነኝ» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፤ ቆይቶ ግማሽ ሰዓት። አንድ ቀን ተነሥቶ ቡና ሊያፈላ ሄደ። የዳንኩት ያን ቀን ነው እላለሁ።

አንድ ነገር አስቀድመህ ለትልቋ ንገራት። መድኃኒቱ እጄን ያንቀጠቅጠኝ ነበር። የሻይ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ሲንኳኳ ልጄ ፈርታ ትሸሽ ነበር። «የመድኃኒቱ ነው፣ እማዬን አያማትም» ቢሏት ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ከእኔ አትሸሽም ነበር። ጧት ጧትም ከባድ እንቅልፍ ይይዘኛል። ልጄ «እማዬ አትወደኝም፣ ቁርስ አታበላኝም» ትል እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ነጠላዬን ትራሷ ሥር ሸሽጋ አገኘሁ ያልከው አስለቀሰኝ። ባለቤትህ ልትሰማው በምትችልበት ቀን ይህን ንገራት። አደራ።

---

የሠራተኛ ሰፈር አያት — ማክሰኞ፣ ከጧቱ 3፡00

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፤ እኔ እየነገርኳት።

በእኛ ጊዜ አራስ ብቻዋን አትተውም ነበር። ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ሰው አይለያትም። ከትራሷ ሥር ቢላዋ ይደረጋል። ሌሊት አንዷ ነቅታ ታድራለች። ልጆች «ኋላ ቀር» ይሉናል። እኔ ግን ነርሷ «እንቅልፍ በማጣት ይጀምራል» ስትል ያ ነቅታ የምታድረው ሴት ትዝ አለችኝ። መጀመሪያ የምታየው እርሷ ነበረች። ቢላዋው አያድን ይሆናል፤ ሴትየዋ ግን ታድን ነበር። ዛሬ አራስ በአራተኛ ፎቅ በር ዘግታ ብቻዋን ትውላለች፤ ገንፎውም በሳምንት አንድ ቀን ነው።

ፀበል በማስጠጣታችሁ ማንም አይውቀሳችሁ፤ መድኃኒቱንም አታስጥሏት። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነገር ሲያከራክር አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ፀበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አብረው ይወሰዱ ብለው አስተምረዋል። ለዚያ ከሆነ ለዚህስ?

የአራት ኪሎው ልጄ፣ ገበና ያልከው እውነት ነው። ነገር ግን ገበና ከውጭ ሰው የሚሸፈን ነው። የገዛ ልጅ ውጭ ሰው ናት እንዴ?

---

አራት ኪሎ 12 — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

እናቴ፣ ይህን ጥያቄዎን ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ቢሆን ኖሮ ትናንት የጻፍኩትን አልጽፈውም ነበር። የወንድሜ ልጅ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቱ ምን እንደሆነ አንዳችንም ነግረነው አናውቅም። ለመንደሩ ዝም ማለታችንን አሁንም ትክክል ነው እላለሁ። ልጁን ከመንደሩ ጋር መቁጠራችን ግን ስህተት ነው። ቅዳሜ ይዤው እወጣለሁ።

---

የራስ መኮንን ድልድይ አባት — ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡50

ነገርኳት። ረቡዕ ማታ፣ እግሯን እያጠብኩ። ነርሷ የጻፍሽልኝን ቃል በቃል ማለት ይቻላል፤ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ዝም ብላ ውኃውን ስታይ ቆየች። ከዚያ «ሐዋሳ የለችም ማለት ነው?» አለችኝ። «የለችም፤ ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅርታ» አልኳት። «ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው?» «አይደለም፤ በታክሲ ይደረሳል።» ለካ ስትፈራ የከረመችው ርቀቱን ነው። ያን ሌሊት ነጠላውን ከትራሷ ሥር አውጥታ ለብሳው ተኛች። ሐሙስ ሌሊት ደግሞ ሸናች፤ አንሶላውን አብረን ቀየርን።

ዛሬ ለባለቤቴ የነጠላውን ነገር ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ አልመለሰችልኝም። በኋላ «ታጥቦ ነው ወይስ እንዳለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዳለ ነው አልኳት። «እንዳታጥቡት» አለች። ሕመሙ ከጀመረ ወዲህ እርሷን እርሷን የሚል ንግግር ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሊያስወጧት አስበዋል። ሕፃኑም አብሮ ወደ ቤት ይመለስ ወይ? የሌሊቱንስ ማን ይያዘው? መድኃኒቷ ያስተኛታል፤ እኔ ደግሞ ጧት 1 ሰዓት ሥራ እገባለሁ።

---

የሌሊት ተረኛ — ዓርብ፣ ከሌሊቱ 5፡10

ሐኪሟ ከፈቀደች ይመለስ፤ ከአክስቱ ጋር። አክስቱ በድንገት ከተለየችው እንደገና ሰው ይለወጥበታል፤ ቢያንስ ለአንድ ወር እናንተ ዘንድ ትደር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባለቤትህና ሕፃኑ ሁለቱ ብቻቸውን አይዋሉ። ሌሊቱ ደግሞ የእርሷ አይሁን። ለእርሷ እንቅልፍ እንደ ኪኒኑ ነው፤ አንድ ሌሊት ካልተኛች አስተውል፤ ሁለተኛውን ሳትጠብቅ ይዘሃት ና። ቀኑን ግን «ሁለት ጊዜ ተመላሽ» እንዳለችው አድርጉ፤ ከሰዓት በኋላ፣ አጠገቧ ሰው ተቀምጦ።

---

የራስ መኮንን ድልድይ አባት — ቅዳሜ፣ ከጧቱ 2፡30

አክስቱ እሺ ብላለች። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ጡጦው የእኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ የእርሷ። ቅዳሜና እሑድን አማቴ ይይዙልናል። ከሥር ፎቅ ያሉ አንዲት እናት ደግሞ ትልቋን ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሊያመጡልኝ ተስማምተዋል። ምንም አልጠየቁኝም። «ምሳዋን እኔ ዘንድ ትብላ?» ብቻ ነው ያሉኝ።